ለጥያቄዎቻችሁ፦ የፈጣን ምግብ ቤት ሥራ

ባለፉት ወራት ለዚህ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ብዙዎቹ ያተኮሩት በፈጣን ምግብ ቤት ሥራ ላይ ነው። ጸሐፊዎቹ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሲሆኑ፣ ከፊሎቹ ሥራውን ሊጀምሩ በዋዜማው ላይ ያሉ፣ ከፊሎቹም ዓመታት ያስቆጠሩበት ናቸው። እኔም ወደዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ያህል በእንዲህ ያለ ቤት፣ መጀመሪያ ድንች ጠባሽ፣ ኋላም የሺፍት ኃላፊ ሆኜ ስለ ሠራሁ ጉዳዩ ከልቤ ነው፤ የዚህ ዕትም ገጽ በሙሉ ለእርሱ እንዲሆን የወሰንኩትም በዚህ ምክንያት ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬአቸዋለሁ፤ የጸሐፊዎቹን ስም አላወጣሁም።

ጥያቄ፦ የተከበሩ አዘጋጅ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ባንክ ዘጠኝ ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት አገልግያለሁ። ዲቪ ደርሶኝ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ከመጣሁ አራት ወር ሆኖኛል። የአጎቴ ልጅ በአንድ የሃምበርገር ቤት ሥራ አግኝቶልኝ በሚመጣው ሰኞ እጀምራለሁ። ሥራው በእርግጥ ምን ይመስላል? አገር ቤት ላሉት ለባለቤቴና ለእናቴስ ምን ብዬ ልንገራቸው? ይህን ሳስብ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። ለባለቤትዎም ለእናትዎም እውነቱን፣ ያውም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይንገሯቸው። ይህን የምለው ተቃራኒውን አድርጌ ያስከተለውን ስላየሁ ነው። ለአባቴ በጻፍኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ «በአንድ የምግብ ድርጅት ውስጥ በአስተዳደር ክፍል ተቀጥሬአለሁ» ብዬ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላ ታናሽ ወንድሜ ታክሲ እንድገዛለት፣ አክስቴ ደግሞ የቤቷን ጣሪያ እንዳስቀይርላት ጠየቁኝ። እንደ ደብዳቤዬ ቢሆን ኖሮ ጥያቄያቸው የበዛ አልነበረም፤ ኪሴ ግን ያን አይችልም ነበርና እምቢታዬ እንደ ንፍገት ተቆጠረብኝ፤ ያ ቅሬታም ብዙ ዓመት ቆየ። በሰዓት ስንት እንደሚያገኙ፣ ከዚያ ላይ ታክሱ፣ የቤት ኪራዩና መጓጓዣው ስንት እንደሚወስዱ በቁጥር አስልተው ያሳዩአቸው፤ በሒሳብ የኖሩ ሰው ስለሆኑ አይከብድዎትም።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። የማለዳው ሺፍት ከደረሰዎ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ተነሥተው፣ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ይዘው፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሰዓት ይመታሉ። ሰዓት መምታት ማለት መለያ ቁጥርዎን ማሽኑ ላይ አስገብተው መግባትዎን ማስመዝገብ ነው፤ ክፍያዎ መቆጠር የሚጀምረው ከዚያች ደቂቃ ስለሆነ አንዳች ነገር በእጅዎ ከመንካትዎ በፊት ይምቱ። አዲስ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚመደበው ድንች መጥበሻው ላይ ነው። ዘይቱ 350 ዲግሪ ፋራናይት ገደማ፣ በእኛ አለካክ ወደ 177 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የጋለ ነው። በረዶ የሆነውን ድንች በሽቦ ቅርጫት ያጠልቁታል፣ ቁልፉን ይጫናሉ፣ ሦስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ማሽኑ ይጮኻል፤ ቅርጫቱን አንሥተው ዘይቱን ያንጠፈጥፋሉ፣ ማሞቂያ መብራት ሥር ካለው ትሪ ላይ ይገለብጡታል፣ ጨው ይነሰንሱበታል፣ በማፈሻው እያነሡ የወረቀት ከረጢቱን ይሞላሉ፤ ይህን ሳይጨርሱ ሁለተኛው ቅርጫት ይጮኻል፣ ከኋላዎ ደግሞ የዶሮው መጥበሻ ይቀጥላል። ያ ጩኸት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቤትዎ ድረስ ተከትሎዎት ይመጣል፤ እኔ በእንቅልፌ እየሰማሁት ብድግ ያልኩበት ሌሊት ብዙ ነው።

የሥራውን ጠባይ በደንብ የሚያዩት በምሳ ግርግር፣ ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። ከራስዎ በላይ የተሰቀለው ስክሪን ትእዛዞቹን በተርታ ያሳያል፤ ከእያንዳንዱ ትእዛዝ ጎን ሰከንድ ይቆጠራል፤ ሲዘገይ ቀለሙ ይለወጣል። በመኪና የሚመጣው ደንበኛም መሬት ውስጥ የተቀበረው መለኪያ ላይ ከቆመበት ቅጽበት አንሥቶ ምግቡን ይዞ እስኪሄድ ድረስ ይቆጠርለታል። ይህ ቆጠራ ከየት እንደ መጣ ማወቅ እኔን ረድቶኛል። ሪቻርድና ሞሪስ ማክዶናልድ የተባሉ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1948 በካሊፎርኒያ፣ ሳን በርናርዲኖ የነበራቸውን ምግብ ቤት ሦስት ወር ያህል ዘግተው፣ የምግቡን ዓይነት ከ25 ወደ 9 ቀንሰው፣ መኪና ድረስ ምግብ ያመላልሱ የነበሩትን አስተናጋጆች አሰናብተው፣ ወጥ ቤቱን እንደ ፋብሪካ መሥመር አደራጅተው ከፈቱት፤ ኋላም ለአዲስ ሕንፃ ወጥ ቤት ሲያቅዱ አቀማመጡን በቴኒስ ሜዳ ላይ በጠመኔ ሥለው፣ ሠራተኞቻቸው በሥዕሉ ላይ እየተመላለሱ እንዲሠሩ በማድረግ የማን እርምጃ የማንን እንደሚያደናቅፍ ተመለከቱ። ሃምበርገሩን በ15 ሳንቲም መሸጥ የቻሉት እንዲህ ባለው አሠራር ነው፤ እርስዎ ሰኞ የሚቆሙባት፣ ጨው ለማንሣት እንኳ አንድ እርምጃ የማያስፈልግባት ቦታም የዚያው አሠራር ውጤት ናት። ስለዚህ አለቃዎ «ፍጠን!» ባለዎ ቁጥር ለይቶ የጠላዎ አይምሰልዎ፤ እርሱንም ከበላዩ ሆኖ የሚቆጥረው ሰዓት አለ።

እግርዎና ወገብዎ በሁለት ወር ውስጥ ይለምዱታል፤ የማያንሸራትት ጫማ ብቻ ቆጥበው አይግዙ። ከዚህ ይልቅ በእርስዎ ዕድሜና ልምድ ላለ ሰው የሚከብደው የሃያ ዓመት ልጅ እየተቆጣ ሲያርመው መስማት ነው። ባንክ ውስጥ «አቶ እገሌ» ይባሉ የነበሩት ሰው እዚህ ደረትዎ ላይ በተለጠፈው የመጀመሪያ ስምዎ፣ ያውም በተሰበረ አጠራር ይጠራሉ። በዚያው ወጥ ቤት ከጎንዎ የምትቆመው የኤል ሳልቫዶር ሴትዮ ምናልባት በአገሯ መምህርት የነበረች ትሆናለች፤ ከእኔ ጋር ስድስት ዓመት ዳቦ ያዘጋጀችው ባልደረባዬ እንዲያ ነበረች፤ ትኩስ ዘይት በምን አቋቋም እንደሚቀዳ ያሳየችኝም እርሷ ናት። ከሰው ጋር ቶሎ ይግባቡ፤ በግርግር ሰዓት የሚያድንዎ የጎረቤትዎ እጅ ነው።

ክፍያው እንደ ቦታው ይለያያል። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ክፍያ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በሰዓት 7.25 ዶላር ላይ ቆሞ ቢቀርም፣ በሜሪላንድ ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ 15 ዶላር፣ እርስዎ ባሉበት በሞንጎመሪ ካውንቲ ከ50 በላይ ሠራተኛ ላለው ድርጅት ከጁላይ 2025 ጀምሮ 17.65 ዶላር፣ በዲሲ ደግሞ ከዚያው ወር ጀምሮ 17.95 ዶላር ነው። በቨርጂኒያ በዚያው ዓመት 12.41 ዶላር ነበር፤ ወንዙን ተሻግሮ ያለው ተመሳሳይ ወጥ ቤት ለተመሳሳይ ላብ አምስት ዶላር ያህል አሳንሶ ሊከፍል ይችላል ማለት ነው። የሞንጎመሪና የዲሲው በየዓመቱ ጁላይ ላይ ስለሚከለስ ያን ጊዜ ቼክዎን ልብ ብለው ይዩት።

ሰኞ ሲሄዱ የመቀጠሪያውን ቅጽ በዕለቱ ይሞላሉ፤ ማንነትዎንና የመሥራት መብትዎን የሚያሳይ ሰነድ ለማቅረብ እስከ ሦስት የሥራ ቀን ይሰጥዎታል። ግሪን ካርድዎ በፖስታ ካልደረሰ ፓስፖርትዎ ላይ ያለው የስደተኛ ቪዛ ከመግቢያው ማኅተም ጋር ለአንድ ዓመት በቂ ነው፤ ከተፈቀዱት ሰነዶች የትኛውን እንደሚያቀርቡ የሚመርጡት እርስዎ ነዎት፤ አሠሪው «ይህን ካላመጣህ» ሊልዎ አይችልም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፤ ዕድሜዬ 19 ነው። አሌክሳንድሪያ በሚገኝ የዶሮ ቤት በመኪና የሚመጡትን ትእዛዝ እንድቀበል መድበውኛል። በጆሮ ማዳመጫው የሚሉትን ግማሹን አልሰማውም። ባለፈው አንዲት ሴት «እንግሊዝኛ የሚችል ሰው አምጡልኝ» አለችኝ፤ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሥራውን ልተወው ይሆን?

መልስ፦ ልጄ፣ አይዞሽ። መጀመሪያ አንድ ነገር እወቂ፤ ያ ቦታ በወጥ ቤቱ ውስጥ ካሉት ሁሉ ከባዱ ነው። የመኪና ሞተር፣ የሬዲዮ ሙዚቃ፣ የኋላ ወንበር ላይ የሚጮኽ ሕፃን፣ ነፋስና ዝናብ ተደባልቀው በአንዲት ትንሽ ማይክሮፎን ይመጡብሻል፤ በአንድ ጆሮሽ ደንበኛውን፣ በሌላው ኃላፊሽን ትሰሚያለሽ፣ በእጅሽ ደግሞ ያለፈውን ደንበኛ መልስ ትቆጥሪያለሽ። እዚሁ ተወልደው ያደጉትም ልጆች ይሳሳታሉ። ሴትዮዋ የተናገረችሽ ክፉ ንግግር ነው፤ ሆኖም የእርሷ ጠባይ ስለ አንቺ ችሎታ ምስክር ሊሆን አይችልም።

የሚሰማው ቋንቋ ሰፊ ይምሰልሽ እንጂ ጠባብ ነው። የምግብ ዝርዝሩን ፎቶ አንሥተሽ ቤትሽ ውሰጂና ስሞቹን ጮክ እያልሽ በቃልሽ ያዢ፤ ዝርዝሩ አለቀ ማለት ከሚነገርሽ አብዛኛው አለቀ ማለት ነው። የሚቀረው ደንበኛው በምግቡ ላይ የሚጨምረውና የሚቀንሰው ነው፦ በረዶው ይነስ፣ ሽንኩርት አይግባ፣ ስጎው ለብቻው ይሁን፣ ምንም ሳይጨመርበት እንዳለ ይምጣ። እነዚህን የሚገልጹት ቃላት ሃያ እንኳ አይሞሉም። ብዙዎቻችንን የሚያሳስቱን ቁጥሮች ናቸው፤ ሰርቲንና ሰርቲ፣ ፊፍቲንና ፊፍቲ በማይክሮፎን አንድ ዓይነት ይሰማሉና ቁጥር ስትሰሚ ሁለቱን አኀዝ ለየብቻ እየጠራሽ መልሰሽ ጠይቂ፣ «ዋን ስሪ?» ብለሽ።

የሰማሽውን ሁሉ ቀስ ብለሽ መልሰሽ ንገሪው። ያልሰማሽውን ዘልለሽ አትለፊ፤ «ሶሪ፣ ዋን ሞር ታይም» ማለት ሦስት ሰከንድ ይወስዳል፣ ተሳስቶ የወጣ ምግብ ግን ተመልሶ እስኪሠራ ደቂቃዎችን ይበላል፤ ኃላፊሽም ይህን ያውቃል። እርሱን ለብቻው አግኝተሽ ለሁለት ሳምንት ገንዘብ መቀበያው መስኮት ላይ እንዲያቆምሽ ጠይቂው፤ እዚያ ፊታቸውን እያየሽ ስለምትሰሚ ጆሮሽ በፍጥነት ይለምዳል። በየአካባቢው ባሉት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የእንግሊዝኛ መለማመጃ ክፍል በነፃ ይሰጣልና ከሺፍትሽ ጋር የማይጋጨውን ፈልጊ። በሁለት ወር ውስጥ ካልቀለለሽ ወደ ወጥ ቤቱ አዙሩኝ በዪ፤ ከዚያ በፊት ግን እንዳትተይው እለምንሻለሁ፤ በዚያ ማዳመጫ የሠለጠነ ጆሮ ኮሌጅ ስትገቢ አስተማሪዎችሽን ለመስማት ይጠቅምሻልና።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ፣ ሃያትስቪል በሚገኝ ምግብ ቤት የማታ ሺፍት እሠራለሁ፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በሳምንት አምስት ሌሊት፣ በቀን ስምንት ሰዓት፣ በሰዓት 15 ዶላር ይከፈለኛል። ማናጀራችን በሩ ሲዘጋ ሰዓት አስመትቶን ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ወለል እናጥባለን፣ ማሽን እንፈታለን። ካሽ ሲጎድልም ከቼካችን ይቆርጣል። ሁሉም ዝም ስላለ እኔም ዝም ብያለሁ። ይህ ትክክል ነው?

መልስ፦ ትክክል አይደለም፤ ሕጉም አይፈቅድለትም። እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው የፌዴራል የሥራ ሰዓትና ክፍያ ሕግ አሠሪው እያወቀ ያሠራውን ጊዜ በሙሉ እንዲከፍል ያስገድዳል፤ ሰዓት ከተመታ በኋላ የታጠበው ወለልም ሥራ ነው። በሳምንት ከ40 ሰዓት ያለፈው ደግሞ አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈልበታል። የእርስዎ አምስት ሌሊት 40 ሰዓቱን ስለሚሞላ፣ ያ ግማሽ ሰዓት ሁሉ ኦቨርታይም ነው። በሳምንት ሁለት ሰዓት ተኩል በ22.50 ዶላር ሲባዛ 56.25 ዶላር፣ በዓመት 52 ሳምንት ሲሆን 2,925 ዶላር ይመጣል። የልጆችዎ የክረምት ልብስና ከዚያም የሚተርፍ ገንዘብ ነው።

ይህን ስጽፍ የሚቆጨኝ ነገር አለ። እኔም በሠራሁበት በአንድ ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ ሰዓት ከመታሁ በኋላ ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል አጽድቼ ነበር የምወጣው። የመጥበሻውን ዘይት አወርዳለሁ፣ አጣርቼ እመልሳለሁ፣ በርሜሉን እየገፋሁ ወደ ውጭ አወጣለሁ። ኋላ ሳሰላው በዓመት ከመቶ ሰዓት በላይ ሆኖ አገኘሁት። ለመጠየቅ ስነሣ ግን በየትኛው ሌሊት ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ የሚያሳይ አንዲት ወረቀት በእጄ አልነበረም፤ የማሽኑ መዝገብ ደግሞ በአሥር ሰዓትና በሌሊቱ ስድስት ሰዓት የተመታውን ብቻ ነው የሚያሳየው። ሳንቲም ሳላገኝ ቀረሁ። ሰከንድ በሚቆጠርበት ቤት እየሠራሁ የራሴን ደቂቃ ሳልቆጥር መኖሬ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ስለዚህ ከዛሬ ማታ ጀምሮ አንዲት ትንሽ ደብተር በቦርሳዎ ይያዙ። ቀኑን፣ የገቡበትን ሰዓት፣ ማሽኑን የመቱበትን፣ በእርግጥ ከበሩ የወጡበትን፣ በዚያ ሌሊት ኃላፊው ማን እንደነበረና ምን እንዳዘዘ ይጻፉ፤ በየሳምንቱ የሚለጠፈውን የሺፍት ሰሌዳም በስልክዎ ፎቶ ያንሡት። የእረፍቱንም ነገር አብረው ይመልከቱ፤ አንዳንዱ ማሽን እርስዎ ቁራሽ ሳይቀምሱ ግማሽ ሰዓት የምሳ ብሎ ከሰዓትዎ ላይ ይቀንሳል። አሠሪው የምግብ ጊዜን ሳይከፍል መተው የሚችለው ከሥራ ሙሉ በሙሉ ከተለቀቁ ብቻ ነው፤ እስከ 20 ደቂቃ የሚደርስ አጭር እረፍት ግን የሚከፈልበት ነው። ቼኩ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ የሚመጣ ከሆነም «አንደኛው ሳምንት 45፣ ሁለተኛው 35 ነው፣ ሲደመር 80 ስለሆነ ኦቨርታይም የለህም» የሚለውን አይቀበሉ፤ እያንዳንዱ ሳምንት ለብቻው ነው የሚቆጠረው።

የካሽ ጉድለቱን በተመለከተ፣ በሜሪላንድ አሠሪ እርስዎ በግልጽ በጽሑፍ ካልተስማሙ ወይም ሕግና ፍርድ ቤት ካላዘዙት በቀር ከደመወዝዎ ቆርጦ ማስቀረት አይችልም። በፌዴራሉም ሕግ ለካሽ ጉድለት ወይም ለዩኒፎርም ተብሎ የሚቆረጥ ገንዘብ ክፍያዎን ከፌዴራሉ ዝቅተኛ መጠን በታች ሊያወርደው አይገባም። በቅጥርዎ ዕለት የፈረሙትን ወረቀት ቅጂ ይጠይቁና ያንብቡት፤ ያልገባዎትን አዲስ ወረቀትም ዝም ብለው አይፈርሙ።

ማናጀሩን በመጀመሪያ በጨዋ ቃል፣ ቢቻል በስልክ መልእክት፣ «ማጽዳቱን ጨርሰን ሰዓት ብንመታ» ብለው ይጠይቁት፤ መልእክቱ ማስረጃ ሆኖ ይቀራል። ከእርሱ በላይ ባለቤቱ አለ፤ ብዙዎቹ ቤቶች የታወቀውን ስም በውል ተከራይተው የሚሠሩ የግለሰቦች ንብረት ስለሆኑ ባለቤቱ የማናጀሩን ሥራ ላያውቅ ይችላል። ሰሚ ካጡ የፌዴራሉ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት የደመወዝና የሥራ ሰዓት ክፍል በ1-866-487-9243 በነፃ ይቀበልዎታል፤ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላሉ፤ ስምዎም በምስጢር ይያዛል። አቤቱታ በማቅረብዎ ከሥራ ማባረር ወይም ሰዓትዎን መቀነስ ክልክል ነው። ወደ ኋላ ተመልሶ የሚጠየቀው ግን የሁለት ዓመት፣ አሠሪው ሆን ብሎ ከሆነ የሦስት ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ ዝም ባሉ ቁጥር የቆየው እያለፈ ይሄዳል። የሥራ ባልደረቦችዎም ዝም ያሉት እርስዎ ዝም ስላሉ ሊሆን ይችላልና አንዷን ለብቻዋ ያነጋግሯት።

ጥያቄ፦ በዐቢይ ጾም ቀኑን ሙሉ ሥጋ ስነካ መዋሌ ሕሊናዬን ይረብሸዋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምጾምም እጄ ይንቀጠቀጣል። እሑድ ቅዳሴ የሚያስቀርብኝ ሺፍትም አለ። ምን ባደርግ ይሻለኛል?

መልስ፦ ሥጋ ስለ መንካቱ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ በዚህ ላይ ቃል የመስጠት ሥልጣን የለኝም። ስለ ቀረው የማውቀውን ልንገርዎ። የዕረፍት ጊዜዎን ወደ ዘጠኝ ሰዓት እንዲያዞርልዎ ኃላፊዎን አስቀድመው ይጠይቁት፤ በምሳ ግርግር መውጣት የሚፈልግ ስለማይኖር አብዛኛው ኃላፊ ደስ ብሎት ይቀበላል። እጅዎ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ በእነዚያ ሰዓታት ከጋለ ዘይት አጠገብ አይቁሙ፤ መጠጥ መቅዳት ወይም ገንዘብ መቀበል ይሻላል። በጾም ወራት ድንቹን «ጾም ነው» ብለው የሚበሉ ብዙዎች ናቸው፤ በአሜሪካ የሚሸጠው የማክዶናልድ ድንች የበሬ ጣዕም ተብሎ የሚገባበት፣ ከወተት የተገኘ ነገርም ያለው ቅመም አለው። ሌሎቹም ቤቶች ዶሮና ድንቹን በአንድ ዘይት የሚጠብሱበት ጊዜ አለ። በምግቡ ውስጥ የገባውን የሚዘረዝረውን ወረቀት ጠይቀው ያንብቡ።

የእሑዱን ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ። 15 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ ለሠራተኛው ሃይማኖታዊ ግዴታ ቦታ እንዲያመቻች ሕጉ ያዛል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2023 አሠሪው እምቢ ለማለት ከባድ ተጨማሪ ወጪ እንደሚያስከትልበት ማሳየት እንዳለበት ወስኗል። ያም ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ ፍርድ ቤት የሚያደርስ ነገር አይኖርም፤ ችግሩ አለማወቅ ነው። አሜሪካዊው ማናጀር የሚያውቀው የራሱን ፋሲካ ነው፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2026 የእርሱ ኤፕሪል 5 ሲሆን የእኛ ኤፕሪል 12 ነው። ገናችን ጃንዋሪ 7 እንደሚውልም አያውቅም። እኔ በየዓመቱ የበዓላቱን ቀን ጽፌ ከሰሌዳው አጠገብ እለጥፍ ነበር፤ በምትኩም የእነርሱን የገና ሌሊት በፈቃዴ እሠራ ነበር። አንድም ዓመት ፋሲካ አላመለጠኝም።

ጥያቄ፦ ልጄ 16 ዓመቱ ነው፣ ሜሪላንድ ነው የምንኖረው። እንደ ጓደኞቹ በፋስት ፉድ ቤት ልሥራ ይላል። ልፍቀድለት?

መልስ፦ ትምህርቱ የሚያሰጋ ካልሆነ ቢፈቅዱለት እኔ አልቃወምም። ከ18 ዓመት በታች ስለሆነ የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የእርስዎም ፊርማ ይገባበታል። በሜሪላንድ የትምህርቱና የሥራው ሰዓት ተደምሮ በቀን ከ12 ማለፍ የለበትም፤ በየ24 ሰዓቱም ከሁለቱም ነፃ የሆነ ተከታታይ ስምንት ሰዓት ሊኖረው ይገባል፤ አምስት ሰዓት ከሠራ ግማሽ ሰዓት ያርፋል። የሥጋ መቁረጫ ማሽን እንዲነካ አይፈቀድም፣ ለማጠብ እንኳ ቢሆን። ከሁሉ በላይ ሌሊት ዘግቶ የሚወጣበትን ሺፍት አይስማሙለት፤ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ የሚውል ልጅ ብዙ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ በምሠራበት ምግብ ቤት ባለፈው ሳምንት የጋለ ዘይት ክንዴ ላይ ፈሰሰ። ጓደኛዬ ኮልጌት ቀባኝ፤ ማናጀሩ ደግሞ «ቤትህ ሄደህ አስታመው» አለኝ። አሁን ቁስሉ ውኃ ይዟል። ለዶክተር የምከፍለው ገንዘብ የለኝም።

መልስ፦ ይህን እንዳነበቡ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ይሂዱ፤ ውኃ የያዘውን አያፍርጡት። ኮልጌትም፣ ቅቤም፣ እንቁላልም ቁስል ላይ አይቀባም፤ ሙቀቱን አምቀው ያቆዩታል፣ ለመመረዝም ያጋልጣሉ። ለወደፊቱ የሚደረገው፣ ክንድን በሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር 20 ደቂቃ ያህል ማቆየት ነው፤ በረዶ አይደረግም። ሰዓትና ቀለበት ከማበጡ በፊት ይወልቃል፣ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈናል። በግርግር ሰዓት 20 ደቂቃ ውኃ ሥር መቆም ያሳፍራል፤ እኔ በሁለት ደቂቃ ወደ መጥበሻው ተመልሼ የቅርጫቱ ጠርዝ የተወው ጠባሳ ዛሬም ክንዴ ላይ አለ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ በሜሪላንድ አንድ ሠራተኛ እንኳ ያለው አሠሪ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት መድን የመግባት ግዴታ አለበት፤ ክፍያውም ከእርስዎ ደመወዝ አይቆረጥም። ጥፋቱ የእርስዎ ይሁን የሌላ የሚለው ጥያቄ አይነሣም፤ የሕክምናው ወጪ በመድኑ ይሸፈናል። ጉዳቱን ለአሠሪው ማስታወቅ ያለብዎ በ10 ቀን ውስጥ ስለሆነ፣ ሳምንት ስላለፈ አይዘግዩ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የትኛው መጥበሻ እንደሆነና ማን እንዳየ ጽፈው ለማናጀሩ ይስጡ፣ አንዱን ቅጂ ራስዎ ጋ ያስቀሩ። ለሐኪሙም በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑን በመጀመሪያው ንግግርዎ ይንገሩት፤ መዝገቡ ላይ እንዲሰፍር ነው። ማናጀሩ ቅጽ የለኝም ካለዎ ራስዎ ለሜሪላንድ የሠራተኞች ካሣ ኮሚሽን ማመልከት ይችላሉ። ቁስሉ እስኪደርቅም በፋሻ ተሸፍኖ ከጓንት በላይ የሚቀር ከሆነ ምግብ የሚነካ ሥራ ላይ አይቁሙ፤ መጥበሻውን ለጊዜው ሌላ ሰው ይያዘው።